ሆሎሌንስ፣ ቪዥን ፕሮ፣ ኬስት፣ ታብሌት ወይስ ፕሮጀክተር? ከሰው ጋር ለመስራት የቱ ይሻላል

ዩቲዩብ ላይ የኤአር መነፅር (ኮምፒውተር የሰራውን ምስል እውነተኛው ዓለም ላይ ደርቦ ሚያሳይ) ሪቪው ስታዩ ሁሉም ሚያወሩት ስላደረገው ሰው ነው፣ ምስሉ ጥራት አለው ወይ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ፊልም ይታይበታል ወይ ምናምን። እሱም ጥሩ ነው። ግን ለስራ ስትገዙት እኮ ብቻችሁን አይደለም ምትሰሩት፣ አጠገባችሁ ሰው አለ፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አላደረገም። እሱ ምን ያያል? እናንተ የት እያያችሁ እንደሆነ ያውቃል ወይ? "ይቺን" ብላችሁ በጣት ስትጠቁሙ የቷን እንደሆነ ይገባዋል ወይ? እኔ የአንድ ኤአር ዕቃ ዋጋው ሚለካው እዚ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ስለዚ ሪቪውን ምፅፈው መነፅሩን ካላደረገው ሰው አንፃር ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ላውደን ካውንቲ ውስጥ ዳታ ሴንተር ሲሰራ የዳክቱን (የአየር መተላለፊያውን)፣ የቧንቧውን፣ የኬብል ትሬዩን (የኬብል መደርደሪያውን) መስመር ኮምፒውተር ላይ ቀድመን እናስተካክላለን፣ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ማለት ነው፣ ከዛ ሳይት ላይ ሰራተኛው በዛ መሰረት ይሰቅለዋል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዚ ስራ ውስጥ ሀበሻ ብዙ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ሴኪዩሪቲው ሳይቀር። ችግራችን ምንድነው፣ 3ዲ ሞዴሉ ያለው ቢሮ ስክሪን ላይ ነው፣ ሰራተኛው ያለው ደግሞ መሰላል ላይ ነው። ኤአር ሚጠቅመው እዚ መሃል ነው፣ ሞዴሉን ቀጥታ ባዶው ጣሪያ ላይ አምጥቶ "ቧንቧው በዚ ነው ሚያልፈው፣ ዳክቱ ከስሩ ነው" ብሎ ማሳየት። ሀሳቡ ራሱ ከእንደዚ አይነት ስራ የመጣ ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቦይንግ ውስጥ ቶም ኮዴልና ዴቪድ ሚዜል የአውሮፕላን ሽቦ ለሚዘረጉ ሰራተኞች መንገዱን በመነፅር እናሳያቸው ብለው ነው የጀመሩት፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ሚለው ስምም ከነሱ ነው የመጣው። ማለት የተጀመረው ለጌም አይደለም፣ እጃቸው ስራ ለያዘ ሰዎች ነው።

አሁን ገበያ ላይ ያሉትን በደንብ ካያችኋቸው ልዩነታቸው የብራንድ አይደለም፣ ምስሉ ወደ ዓይን በምን በኩል ይመጣል ሚለው ነው። አንዳንዱ ግልፅ መስታወት ነው፣ ዓለምን በገዛ ዓይናችሁ እያያችሁ እላዩ ላይ ብርሃን ይጨምርላችኋል። አንዳንዱ ዓይናችሁን ሙሉ ለሙሉ ዘግቶ ውጪውን በካሜራ ቀርፆ ስክሪን ላይ ያሳያችኋል። ታብሌትና ስልክ አለ፣ እጅ ላይ ሚያዝ መስኮት ማለት ነው። ፕሮጀክተርም አለ፣ ማንም ምንም ሳያደርግ ምስሉ ዕቃው ላይ ያርፋል። ሰዎች አብረው ሲሰሩ ሚፈጠረው ነገር ሁሉ፣ መግባባቱም መኮራረፉም፣ ከዚ ልዩነት ነው ሚመነጨው።

ከሆሎሌንስ 2 ልጀምር፣ ምክንያቱም በኔ ስራ ብዙ የተለፋበት እሱ ስለሆነ። ማይክሮሶፍት በ2019 በ3,500 ዶላር ነው ያወጣው፣ ክብደቱ 566 ግራም፣ የሚታየው ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ 52 ዲግሪ። ትሪምብል ሚባለው ኩባንያ ደግሞ ኤክስአር10 ብሎ ከኮንስትራክሽን ሄልሜት ጋር አንድ ላይ አድርጎ ሰራው። ግልፅ መስታወት ነው፣ ስለዚ የሰውየው ዓይን ከውጪ ይታያል። ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል ግን አይደለም። ሰው ሲያዋራችሁ ወዴት እንደሚያይ ካያችሁ ሳይናገር ግማሹን ነገር ተረድታችኋል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ እናንተም ቀና ትላላችሁ፣ ፊታችሁን ሲያይ ደግሞ ጨርሶ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዛ ደግሞ የፊቱ መስታወት ወደ ላይ ይታጠፋል። ማውራት ስትፈልጉ ከፍ፣ ማየት ስትፈልጉ ዝቅ። ይሄን ያሰበ ሰው ሳይት ላይ ቆሞ ሰው ሲያዋራ የታዘበ ሰው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ትልቅ ሰው እያናገራችሁ ፊታችሁን ሸፍናችሁ መቆም በኛ ባህል ብቻ ሳይሆን በማንም ባህል ደስ አይልም፣ እዛ ጋ አንድ ሴኮንድ ሚፈጅ እንቅስቃሴ ሙሉ ንግግሩን ነው ሚቀይረው።

ሁለት ሰዎች ሁለቱም አድርገው አንድ ሞዴል ሲያዩ ደግሞ በጣም ደስ ይላል። "ይቺ ቫልቭ እዚ ከሆነች እጅ አይደርስባትም" ብሎ ሰውየው እጁን ይዘረጋል፣ እናንተም እጁን ታያላችሁ፣ ቫልቯንም ታያላችሁ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ ነገሩ አለቀ። ስክሪን ላይ ቢሆን ማውዝ ይዞ ማሽከርከር፣ "የቱ ፎቅ ነው፣ የቱ ግሪድ ነው፣ ሰሜኑ በየት በኩል ነው" ማለት አለ፣ እዚ ግን ሰውነታችሁ ራሱ ሚያውቀው ነገር ነው። በመለኪያ ሳይሆን በክንድ ነው ምትነጋገሩት።

ግን እንከን አለው። 52 ዲግሪ ማለት ሰው በተፈጥሮ ወደ ጎን ሚያየው ወደ 200 ዲግሪ ከመሆኑ አንፃር ትንሽ መስኮት ነው፣ ጓደኛችሁ ሚያወራላችሁ ዕቃ ከመስኮቱ ውጪ ከሆነ የለም ማለት ነው፣ ጎኑ ተቆርጦ ነው ሚታያችሁ፣ ስለዚ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ "አየሃት?" "የቷን?" "ከራስህ በላይ" ምትባል ነገር ትበዛለች። ብርሃን ብቻ ስለሚጨምር ደግሞ ጥቁር ማሳየት አይችልም፣ ጥቁር ማለት ለሱ ባዶ ነው፣ ጥቁር ቧንቧ ሞዴላችሁ ውስጥ ካለ ቀለሙን ቀይሩት። ጣሪያ ያልለበሰ ቦታ ላይ ፀሃይ ሲገባ ምስሉ ይገረጣል፣ ያኔ አንዱ ጥላ ውስጥ ቆሞ በደንብ ያያል ሌላው ፀሃይ ላይ ቆሞ ምንም አያይም፣ ሁለቱም ግን እኩል እያየን ነው ብለው ያስባሉ። እዚ ጋ ነው መጠንቀቅ፣ እኩል አለማየታችሁን ካላወቃችሁ አለመግባባቱ ከየት እንደመጣ ራሱ አይገባችሁም።

ሌላው የማይመስል ግን ብዙ ሰዓት ሚበላ ነገር አለ፣ የቦታ መግጠም። እያንዳንዱ መነፅር ክፍሉን በራሱ ካሜራ እያጠና የራሱን ካርታ ነው ሚሰራው። ሁለት መነፅር አንድን ቧንቧ አንድ ቦታ ላይ እንዲያሳይ ከተፈለገ የጋራ መነሻ ነጥብ ያስፈልጋል፣ እኛ ብዙ ጊዜ ኮለን (ምሰሶ) ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፈን ከሱ ነው ምንጀምረው። ከመነሻው እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ ደግሞ ሁሉም መተላለፊያ አንድ አይነት ስለሆነ፣ ግድግዳውም ባዶ ስለሆነ፣ ካሜራው ምልክት ሚያደርገው ነገር ያጣል። ከዛ ምን ይሆናል፣ የኔ ቧንቧ ከቢሙ (ከአግዳሚው) ስር ናት፣ ያንተ ቧንቧ ቢሙን ነክታለች፣ ሁለታችንም ባይናችን ያየነውን ነው ምናወራው፣ ማንም አልዋሸም። ስለዚ ከሁለት ሰው በላይ ስትሆኑ ገና ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሁላችሁም ምታውቁት ነገር፣ የኮለን ጥግ ይሁን የበር ጉበን፣ መርጣችሁ "እዚ ጋ መስመሩ ይገጥምልሃል?" ተባባሉ። ይሄን ሳያደርግ ወደ ስራ ሚገባ ቡድን መጨረሻ ላይ መነፅሩን ጥሎ ወደ ወረቀቱ ነው ሚመለሰው፣ እውነት ነው ምላችሁ።

ትልቁ ችግሩ ግን ያላደረገው ሰው ነው። አንድ ጋሼ ምንላቸው የቧንቧ ፎርማን አሉ፣ ሙያውን ከኛ ሁላችን በላይ ሚያውቁ ሰው፣ እኔና አንድ ልጅ አድርገን ባዶ አየር ላይ እየጠቆምን ስንከራከር ቆመው ሲያዩን ቆዩና "ልጄ፣ እናንተ ምታዩትን እኔ ካላየሁት በምን ልፈርዳችሁ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ማየት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፣ የመጨረሻውን ቃል ሚናገሩት እሳቸው ናቸው፣ ግን መነፅሩ ያላቸው ሰዎች ባለጉዳይ ሆኑና እሳቸው ተመልካች ሆኑ። መነፅር ሁለት ሲሆንና ሰው አምስት ሲሆን ስልጣኑ ወደ መነፅሩ ይሄዳል፣ ማንም ሳይወስን። ምስሉን ቴሌቪዥን ላይ ማስተላለፍ ይቻላል፣ ለቢሮ ይረዳል፣ ግን በሌላ ሰው ጭንቅላት እንቅስቃሴ ዓለምን ማየት ያዞራል፣ እሱ ዞር ባለ ቁጥር ምስሉ ዞር ይላል፣ እናንተ ማየት የፈለጋችሁትን ለማየት እሱን መለመን አለባችሁ።

ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2024 ኦክቶበር ላይ ሆሎሌንስ 2ን ማምረት አቁሟል፣ ተተኪም የለውም። እኔ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም በዚ ዋጋ ክልል ዓይን ሚያሳይ፣ መስታወቱ ሚታጠፍ፣ ከሄልሜት ጋር ሚሄድ ዕቃ ለቡድን ስራ ታስቦ ተሰርቶ ነበር። ማጂክ ሊፕ 2 አለ፣ በ2022 በ3,299 ዶላር የወጣ፣ ጭንቅላት ላይ ሚቀመጠው 260 ግራም ብቻ ነው፣ ቀሪው ወገብ ላይ ሚንጠለጠል ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው፣ ስፋቱም ወደ 70 ዲግሪ ይደርሳል፣ መስታወቱን ማጨለም ስለሚችል ደማቅ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ ይሻላል። ግን ሲያጨልም ደግሞ ዓይናችሁ ለሌላው ሰው እየጠፋ ነው ሚሄደው፣ ለናንተ ጥሩ ምስል ለሱ ደግሞ ጥቁር መነፅር ማለት ነው።

ወደ ካሜራዎቹ እንሂድ፣ አፕል ቪዥን ፕሮና ሜታ ኬስት 3። ቪዥን ፕሮ በ2024 ፌብሩዋሪ አሜሪካ ላይ በ3,499 ዶላር ወጣ፣ ኬስት 3 በ2023 ኦክቶበር በ500 ዶላር። ምስላቸው ከግልፅ መስታወት ጋር አይወዳደርም፣ ቧንቧው ቧንቧ ይመስላል፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ በትክክል ይሸፍናል። ቪዥን ፕሮ ካሜራው ያየውን ስክሪኑ ላይ ለማድረስ 12 ሚሊሰከንድ ነው ሚፈጅበት ይላል አፕል፣ ስለዚ ራሳችሁን ስታዞሩ ዓለም አብሯችሁ ነው ሚዞረው። ለዲዛይን ስራ፣ ደንበኛ ቢሮ አምጥታችሁ "ክፍሉ ሲያልቅ ይሄን ይመስላል" ለማለት፣ ከዚ ሚበልጥ የለም።

ግን ከሰው ጋር ስትሰሩበት ታሪኩ ሌላ ነው። ፊታችሁ ተዘግቷል። አፕል ይሄ ችግር እንደሆነ ስለገባው ነው አይሳይት ያለውን ከፊት ለፊት ያስቀመጠው፣ ውጪው ስክሪን ላይ የዓይናችሁን ምስል ለሌላው ሰው ሚያሳይ፣ ሙሉ ለሙሉ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ባለቀለም ነገር እየተንቀሳቀሰ "አሁን አያይህም" ሚል ምልክት ይሰጣል። ሀሳቡን አከብራለሁ፣ ያላደረገውን ሰው አስቦ ገንዘብ ያወጣ ኩባንያ ነው። ግን ደብዛዛ ነው ተብሎ ብዙ ተፅፎበታል፣ ምስል ደግሞ ምስል ነው፣ ሰው ዓይናችሁን ሲያይ ሚፈልገው እውነተኛውን ነው። ኬስቱ ጭራሽ እሱም የለውም፣ ነጭ ፕላስቲክ ነው ምታዋሩት።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ ጄረሚ ቤይለንሰን ሚመሩት ላብ በ2019 ባወጣው ጥናት ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንደኛው የኤአር ሄድሴት ካደረገ ያደረገው ሰው ራሱ ከሚያዋራው ሰው ጋር ያለው ቅርበት ቀንሶ እንደተሰማው ተናግሯል፣ ያደረገው ሰው ነው እንግዲ! እዛው ጥናት ላይ በመነፅሩ ምናባዊ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዩ ሰዎች ሄድሴቱን ካወለቁም በኋላ አብዛኛዎቹ ያን ወንበር ትተው ሌላው ላይ ነው የተቀመጡት። ማለት ይሄ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ከዛ በኋላ ደግሞ የዛው ላብ ተመራማሪዎች በካሜራ ሚያሳዩትን ሄድሴቶች አድርገው ሰው መሃል ወጥተው ሞከሩ፣ ርቀት መገመት ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከሁሉ በላይ ግን አጠገባቸው ያሉት ሰዎች እዛ የሌሉ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ ያህል እንደተሰማቸው ፃፉ። እኔ ይሄን ሳነብ ልክ ሳይት ቢሮ ውስጥ የታዘብኩት ነገር ስም ያገኘ መሰለኝ፣ ሄድሴት ያደረገ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሰው ሲያወራ ያቋርጣል፣ ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ የሌላውን ፊት እንደወትሮው እያነበበ ስላልሆነ ነው።

ለሳይት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ይሄን አስምሩበት። ግልፅ መስታወት ባትሪው ቢያልቅ ምን ይሆናል፣ ምስሉ ይጠፋል እናንተ ግን ታያላችሁ። የካሜራው ባትሪ ቢያልቅ ወይም ሶፍትዌሩ ቢቆም ጨለማ ነው፣ መሰላል ላይ ብትሆኑስ? ጉድጓድ አጠገብ ብትሆኑስ? ሴፍቲ ኦፊሰሩ ቢፈቅድላችሁ እንኳ እናንተ እሺ አትበሉ።

ካሜራዎቹ ጎበዝ ሚሆኑት ሁሉም ሰው በየቤቱ ሆኖ ሁሉም ሲያደርግ ነው። እዛ ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ሁሉም አንድ አይነት ነገር ያያል፣ ያላደረገ ሚገለል የለም። ቪዥን ፕሮ ላይ ፐርሶና ሚባለው፣ ፊታችሁን ስካን አድርጎ ሚያወራ ምስል ሚሰራው፣ እየተሻሻለ መጥቷል፣ በ2025 የወጣው የቪዥን ፕሮ ሶፍትዌር፣ ቪዥን ኦኤስ 26፣ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ካላቸው አንድ ሞዴል አብረው እንዲያዩ ያደርጋል። ሁለት ቪዥን ፕሮ ግን 7,000 ዶላር ነው፣ በዛ ብር ኬስት 3 ለአስር ሰው ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። ለቡድን ከሆነ እኔ ያለማመንታት ኬስቱን ነው ምለው፣ አንድ ምርጥ ዕቃ ካለው አለቃና ከስድስት ተመልካች ይልቅ መካከለኛ ዕቃ ያላቸው ሰባት ሰዎች ይሻላሉ።

ማቀባበል ሚባለውን ነገር ማንም ሪቪው ላይ አያነሳውም፣ እኔ ግን ከምስል ጥራት አስቀድመዋለሁ። ቡድን ውስጥ "እስቲ እንካ እየው" ምትባል ነገር በቀን ስንቴ ነው ያለችው? ቪዥን ፕሮ ውስጥ የዓይን መነፅር ማድረግ አይቻልም፣ የዓይን መነፅር ምታደርጉ ሰዎች በልካችሁ ሚሰራ የዛይስ ሌንስ ለብቻው መግዛት አለባችሁ፣ ስለዚ የናንተ ቪዥን ፕሮ የናንተ ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው ስትሰጡት ሌንሱን ማውጣት፣ እሱ ደግሞ ዓይኑን እንደገና ማስለካት፣ እስከዛ ነገሩ ቀዝቅዟል። ሆሎሌንስና ኬስት ከመነፅር ጋር ይደረጋሉ። ከዛ ደግሞ ፀጉር አለ! ሹሩባ የተሰራች ልጅ፣ አፍሮ ያለው ልጅ፣ ሂጃብ ያደረገች እህት፣ ሜካፕ ያደረገች ሴት፣ ላብ ያለበት ሰራተኛ። ማሰሪያው ከኋላ ጭንቅላት ላይ ነው ሚጠብቀው። አንዲት ባልደረባችን "ይለፈኝ፣ እናንተ እዩት" ስትል ብዙዎቹ ፍላጎት የላትም ብለው ነው የወሰዱት፣ እሷ ግን ስንት ሰዓት ተቀምጣ የተሰራችውን ፀጉር ማበላሸት አልፈለገችም፣ ሀሳቧን ግን ሁላችንም እንፈልገው ነበር። ዕቃው ራሱ ማን እንደሚናገር ይመርጣል ማለት ነው፣ ስብሰባ ምትመሩ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

ታብሌት ጋ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ኤአር ሲባል ሰው ስለታብሌት አያስብም፣ ግን አፕል ኤአርኪት ሚባለውን የኤአር አፕ መስሪያ ካወጣበት ከ2017 ጀምሮ ሚሰራ ነገር ነው፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አይፓድ ፕሮ ላይዳር ሚባል የሌዘር መለኪያ ስላለው ርቀት በራሱ ይለካል። ጋሼ መነፅር አላደርግም ብለው ታብሌቱን ግን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጣሪያ ላይ እያዞሩ "እዚ ጋ ሀንገር (ማንጠልጠያ) መትከያ የላችሁም" አሉ፣ ያውም ሞዴሉን ከሰራነው ሰዎች በፊት። ፊት አይዘጋም፣ ፀጉር አይነካም፣ ለማንም ትሰጡታላችሁ፣ ሁሉም አንድ ስክሪን ነው ሚያየው ስለዚ እኔ ምን እያየሁ እንደሆነ ማስረዳት የለም። ድክመቱ፣ እጅ ይይዛል፣ መሰላል ላይ ሁለት እጅ ለታብሌት ሰጥቶ መስራት አይቻልም፣ ክንድም ይዝላል። ከአራት ሰው በላይ ሲሆን ከኋላ ያለው የሰው ትከሻ ነው ሚያየው። ምስሉ ደግሞ ከካሜራው አንፃር እንጂ ከናንተ ዓይን አንፃር ስላልሆነ "ከዛኛው ኮለን በስተግራ" ስትሉ ከጎን ለቆመው ሰው ላይገጥም ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ታብሌቱን የያዘው ሰው ነው ምን እንደሚታይ ሚወስነው፣ ስለዚ እኛ ቡድን ውስጥ ልማድ አድርገነዋል፣ ጥያቄ ያለው ሰው ነው ሚይዘው፣ መልስ ያለው ሰው አይደለም። ይቺን ትንሽ ነገር ሞክሯት፣ ስብሰባው እንዴት እንደሚለወጥ ታያላችሁ።

ፕሮጀክተሩን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለኔ ግን አብሮ ለመስራት ከተሰሩ ነገሮች ሁሉ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ዴቪስ የሰሩት ኤአር ሳንድቦክስ ሚባል አለ። አሸዋ የሞላ ሳጥን ነው፣ ከላይ ኪኔክት ሚባል ጥልቀት ሚለካ ካሜራና ፕሮጀክተር ተሰቅሏል፣ አሸዋውን በእጃችሁ ስትከምሩ ተራራ ይሆናል፣ የከፍታ መስመሩና ቀለሙ ወዲያው አሸዋው ላይ ይሳላል፣ ስትቆፍሩ ሸለቆ ይሆናል፣ እጃችሁን ከላይ ዘርግታችሁ ስታቆዩ ደግሞ ዝናብ ይዘንባል፣ ውሃው ወደ ዝቅታው ሲወርድ ታያላችሁ። ሁሉም እንደ መሶብ ዙሪያውን ከቦ ነው ሚሰራው፣ የሁሉም ዓይን ይታያል፣ የሁሉም እጅ እዛው ውስጥ ነው፣ ህፃኑም ፕሮፌሰሩም እኩል ነው። አየር ላይ ሚንሳፈፍ ነገር ማሳየት አይችልም፣ ክፍሉ ደብዘዝ ማለት አለበት፣ ሰው ሲያጎነብስ ጥላው ይወድቅበታል፣ በቃ እነዚ ናቸው ጉድለቶቹ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ኪኔክት መመረት ቢያቆምም ያገለገለ ይገኛል። አገር ቤት ያላችሁ የጂኦሎጂ፣ የውሃ፣ የግብርና መምህራን ካላችሁ በተለይ ለናንተ ነው ይሄን ምፅፈው፣ የተፋሰስ ስራ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ለመወያየት፣ እርከኑ እዚ ቢሰራ ውሃው የት ይሄዳል ለማለት፣ ካርታ ማንበብ ሳያስፈልግ አሸዋ ነክቶ መነጋገር፣ ከዚ የተሻለ መሳሪያ እኔ አላየሁም። 3,500 ዶላር መነፅር ከመለመን በፊት ይሄን አስቡት።

ራቅ ካለ ባለሙያ ጋር ለመስራት ደግሞ ሪልዌር ኤችኤምቲ 1 አይነቶቹ አሉ፣ አንድ ዓይን ስር ሚቀመጥ ትንሽ ስክሪን፣ ሄልሜት ላይ ሚታሰር፣ በድምፅ ሚታዘዝ። ምስሉን ዕቃው ላይ አያስቀምጥም፣ ግን ቢሮ ያለው ሰው እናንተ ፊት ያለውን ያያል፣ እጃችሁ ነፃ ነው። ከነዚ ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ቢሮ ያለው ሰው ሚስለው ቀስት ራሴን ሳዞር ዕቃው ላይ ይቀራል ወይስ ከስክሪኑ ጋር አብሮኝ ይዞራል? አብሮ ሚዞር ከሆነ "ያቺን ብሎን ፍታ" ያለው ቀስት ሌላ ብሎን ላይ ያርፋል። ሌላው፣ እንደዚ ሲሰራ ሳይት ያለው ሰው ቀስ በቀስ እጅ ብቻ፣ ቢሮ ያለው ጭንቅላት ብቻ ይሆናል። ሳይት ያለውም ቀስት ሚስልበት መንገድ ያለው ሲስተም ምረጡ፣ ያያችሁትን ሳትናገሩ ዝም ብላችሁ ታዛዥ እንዳትሆኑ።

ቀላሎቹን መነፅሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ኤክስሪያል አየር አይነቶቹ 70 ምናምን ግራም ናቸው፣ ለአውሮፕላን፣ ለላፕቶፕ ትልቅ ስክሪን ጥሩ ናቸው፣ የግል ናቸው ግን፣ ለቡድን አትግዟቸው። ሜታ ሬይባን ዲስፕሌይ በ2025 ሴፕቴምበር በ799 ዶላር ወጣ፣ ቀኝ ዓይን ላይ ብቻ ትንሽ ስክሪን አለው፣ የእጅ አንጓ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ነው ሚታዘዘው፣ ብርሃኑ ወደ ውጪ አይታይም ተብሎ ነው ሚሞካሸው። እኔን ሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ሰው እያዋራኝ ሜሴጅ እያነበበ ይሁን እኔን እየሰማ ይሁን በምን አውቃለሁ? ጉግል ግላስ በ2013 በ1,500 ዶላር ሲወጣ ሰው የጠላው እየቀረፀኝ ነው ወይ ሚለውን ማወቅ ስላልቻለ ነው፣ አሁን ደግሞ እየሰማኝ ነው ወይ ሚለው ተጨመረ። በሌላ በኩል ግን የሜታው መነፅር ሰው ሚናገረውን በፅሁፍ ያሳያል፣ ጆሮው ለማይሰማ ባልደረባ ስብሰባ ላይ ቀና ብሎ የሰው ፊት እያየ መሳተፍ ማለት ነው፣ ለዛ ብቻ ከሆነ እኔ ግዙ ነው ምላችሁ። ትርጉም ላይ ሲወጣ አማርኛ አልነበረበትም፣ ለናትና አባታችሁ አስባችሁ እንዳትገዙት።

ስለዚ ብር ካላችሁና ለሳይት ከሆነ፣ ሁለት ታብሌት በፊት፣ መነፅር በኋላ። ለርቀት ዲዛይን ስብሰባ ኬስት 3 ለሁሉም ሰው፣ ደንበኛን ለማሳመን ብቻ ከሆነ አንድ ቪዥን ፕሮ። ለማስተማርና ለህዝብ ውይይት ፕሮጀክተር። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ዴሞ ሲያሳያችሁ ሶስት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ምንም አታድርጉ፣ ያ ያላደረገው ሰው ከአስር ደቂቃ በኋላ ምን እንደተወሰነ ማስረዳት ከቻለ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ከጀመረ ይቅርባችሁ።

ያገለገለ ሆሎሌንስ 2 ኢቤይ ላይ በርካሽ እያያችሁ ምትጓጉ አላችሁ፣ እኔም ይገባኛል። ሴኪዩሪቲ አፕዴቱ እስከ 2027 ዲሴምበር 31 ብቻ ነው፣ ድርጅታችሁ ኔትወርክ ላይ ካስገባችሁት አይቲዎቹ ከዛ በኋላ ያስወጡባችኋል። ስትገዙ መስታወቱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ማጠፊያው እንዳልላላ እዩ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ቀለሙ ከጥግ እስከ ጥግ ምን ያህል እንደሚለያይ እዩ፣ የድሮው ባለቤት አካውንቱን አውጥቶ ሪሴት እንዳደረገው ሳታረጋግጡ ብር እንዳትልኩ። ሁለት ካልሆነ ደግሞ አንድ አትግዙ።